የሙታን አጥንት ስለ ጥንት ከተሞች ጤና ምን ይመሰክራል?

 የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

በ596 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1200) ክረምት የዓባይ ሙላት ሚስርን ሳያጠግብ ቀረ። ሚስሮች የወንዙን ከፍታ የሚለኩት በረውዳ ደሴት ባለው ሚቅያስ ነበር። ውሃው 16 ክንድ ሲደርስ ማሳው ይጠጣል፣ የሱልጣኑም ግብር ይሰበሰባል። በዚያ ዓመት ግን 13 ክንድ እንኳ አልሞላም። የዓባይ የክረምት ሙላት አብዛኛው ከእኛው ተራሮች የሚወርድ ነውና፣ እዚህ በሐበሻ ደጋ ዝናቡ ሲያጥር እዚያ ቃሂራ ውስጥ ዳቦ ይጠፋል። የሚቀጥለውም ዓመት አልተሻለም። ገበሬው ቀዬውን ጥሎ ወደ ከተማ ጎረፈ፤ ከተማውም የሚያበላው አልነበረውም። ረሃቡን ተከትሎ በሽታ ገባ።

በዚያ ዘመን ከበግዳድ መጥተው ቃሂራ የተቀመጡ አንድ ዓሊም ነበሩ፤ ዐብዱል-ለጢፍ አል-በግዳዲ (ረሒመሁላህ)። የነሕውና የሐዲስ ሰው ናቸው፤ ሕክምናም ያስተምሩ ነበር። በሚስር ያዩትን «አል-ኢፋደቱ ወል-ኢዕቲባር» በተባለች አጭር ኪታብ ጽፈውታል፤ ስለ ዛፎቹና እንስሳቱ፣ ስለ ፒራሚዶቹ፣ በመጨረሻም ስለ ረሃቡ። ስለ ረሃቡ የጻፏቸውን ገጾች ያነበበ ሰው ሌሊቱን በቀላሉ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰው ሰውን እስከ መብላት የደረሰበትን ሁኔታ ዘርዝረው አስቀምጠዋል። እኛ እዚህ አንደግመውም። የምንፈልገው እዚያው መሀል ያለችውን አንዲት ታሪክ ነው።

ደረሶቻቸው የጃሊኖስን የሰውነት ክፍሎች ኪታብ ይቀሩባቸው ነበር። ጃሊኖስ ፈረንጆቹ ጌለን የሚሉት የግሪክ ሐኪም ነው፤ ከእሳቸው ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖረ፣ በሕክምና ቃሉ የማይነካ ሰው ነበር። ደረሶቹ ግን ከኪታቡ ላይ የአጥንቶቹን ቅርጽ መረዳት አቃታቸው። በወረቀት ላይ የተነገረው በልቦና አልሳል አለ። በዚህ መሀል አል-መቅስ በተባለው የቃሂራ ዳርቻ የሬሳ ጉብታ እንዳለ ተነገራቸው፤ ሄዱም። ያገኙት በእርግጥ ጉብታ ነው፣ ግን የአፈር አይደለም። በግምታቸው ከ20 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አፅም ተከምሮ ነበር። ሕያዋኑ መቅበር ስላቃታቸው የተተዉ ናቸው።

እዚያ ቆመው አጥንቱን በእጃቸው እያነሱ ተመለከቱ። ጃሊኖስ ታችኛው መንጋጋ ከሁለት አጥንት የተገጠመ ነው ይላል። እሳቸው ያዩት አንድ ወጥ አጥንት ነው፣ መጋጠሚያ የለውም። አንድ አይተው አላበቁም። ከ2,000 በላይ ራስ ቅሎች መረመሩ፣ ሌሎች ሰዎችም እሳቸው በሌሉበት ጭምር እንዲመለከቱ አደረጉ። የሁሉም መልስ አንድ ሆነ። ከዚያም የጃሊኖስን ደረጃ አክብረው፣ ነገር ግን ዓይን ያየው ከሱ ንግግር ይበልጥ እውነተኛ ምስክር መሆኑን ገልጸው ጻፉ። ጃሊኖስ በአብዛኛው የመረመረው የእንስሳት አካል ነበርና ስህተቱ ከዚያ ሳይመጣ አይቀርም።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ «ሙስሊም ሳይንቲስቶች ቀድመው አውቀውት ነበር» ለማለት ብቻ ይጠቀሳል። እኛ ግን ሌላ ነገር ይታየናል። ያ ጉብታ የአንድ ከተማ ድሆች ናቸው። ስማቸውን ማንም አልጻፈም። የሱልጣን አል-ዓዲልን ዘመቻዎች የሚተርኩ ኪታቦች ሞልተዋል፤ በአል-መቅስ የወደቀችው የገበሬ ልጅ ግን ከአጥንቷ በስተቀር ምንም አላስቀረችም። ዐብዱል-ለጢፍ አጥንቱን የጠየቁት «ቅርጽህ እንዴት ነው?» ብለው ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠይቁታል፦ «ባለቤትህ እንዴት ኖረ? ምን በላ? በስንት ዓመቱ ታመመ?»

አጥንት ስንል ብዙዎቻችን እንደ ድንጋይ የደረቀ ነገር እናስባለን። ሰው በሕይወት እያለ ግን አጥንቱ ይታደሳል፣ ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። ስለዚህ የገጠመውን ይመዘግባል። የሴትና የወንድ ልዩነት በዋናነት ከዳሌ አጥንት ይለያል። የልጅ ዕድሜ ከጥርሱ አበቃቀል ይታወቃል፤ ይህ አስተማማኝ ነው፣ ጥርስ በቅደም ተከተል ስለሚወጣ። ቁመት ከጭን አጥንት ርዝመት ይሰላል። የሳንባ ነቀርሳ ወደ አከርካሪ ሲገባ አጥንቱን እየበላ ጀርባን ያጎብጣል። ሪኬትስ የልጅን እግር እንደ ቀስት ያጎብጣል። በቅልጥም ላይ የቆየ ቁስለት ወይም ኢንፌክሽን ካለ በላዩ ላይ አዲስ የአጥንት ሽፋን ይበቅላል። የዓይን ጉድጓድ ጣሪያ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ከተገኘ ሰውየው በልጅነቱ የደም ማነስ እንደነበረበት ብዙ ጊዜ ይገመታል።

ከሁሉ የሚገርመን ጥርስ ነው። አጥንት ይታደሳል አልን፤ የጥርስ ነጩ ሽፋን ግን አንዴ ከተሠራ በኋላ አይታደስም። ልጁ ጥርሱ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ክፉኛ ቢራብ ወይም ቢታመም፣ ሥራው ለጊዜው ይቆማል። ሲያገግም ይቀጥላል። ያ የቆመበት ጊዜ በጥርሱ ላይ አግድም እንደተሰመረ ጭረት ሆኖ ይቀራል። ጭረቱ ከጥርሱ ጫፍ ያለው ርቀት ተለክቶ ልጁ በስንት ዓመቱ እንደተቸገረ ይገመታል። እናቱ የረሳችውን፣ እሱም ትልቅ ሰው ሆኖ የማያስታውሰውን የሦስት ዓመት ሕመም ጥርሱ ይዞት ይቀበራል። ሱብሓነላህ።

አጥንት ሐኪሞችን ያስተማረበት ጊዜም አለ። ቪልሄልም ሞለር-ክሪስተንሰን የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በነስትቬድ ከተማ ከሥጋ ደዌ መጠለያ አጠገብ የነበረን የመካከለኛው ዘመን መቃብር ቆፈረ። በሙታኑ ፊት ላይ፣ በአፍንጫ ዙሪያና በላይኛው የፊት ጥርሶች ሥር፣ አጥንቱ ተበልቶ አገኘው። የሥጋ ደዌ ምልክት ነው። የሚገርመው በሕይወት ያሉ ሕሙማንን የሚያክሙ ሐኪሞች ይህን የአጥንት ለውጥ በአግባቡ አልመዘገቡትም ነበር፤ ከሙታኑ ከተማሩ በኋላ ነው በሕያዋኑ ላይ የፈለጉት፣ ያገኙትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ስለ ከተማ ጤና ከአጥንት ብዙ የተጠናው በለንደን ነው። ምክንያቱ ለንደን ከሌላው ስለተለየች አይደለም። ከተማዋ በየጊዜው እየፈረሰች ስለምትሠራና ከግንባታ በፊት ቁፋሮ ስለሚደረግ ነው። ሰንት ሜሪ ስፒታል ከተባለው የመካከለኛው ዘመን የድሆች መታከሚያና መጠለያ መቃብር ብቻ ከ10,500 በላይ አፅም ወጥቷል። ከነዚህ ከ5,000 የሚበልጡት አንድ በአንድ ተመርምረዋል። እኛ እስከምናውቀው ከአንድ ከተማ ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጥናት የታየበት ቦታ ጥቂት ነው።

በዚያ መቃብር ውስጥ ሰዎች ተደራርበው የተቀበሩባቸው ትልልቅ ጉድጓዶች ተገኙ። ቆፋሪዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት 1348 የገባውን ታላቁን ወረርሽኝ፣ በኛ ኪታቦች ጣዑን የሚባለውን ነው። አፅሙ በካርቦን ሲለካ ግን ከወረርሽኙ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ወጣ። ታዲያ ማን ገደላቸው? የዘመኑ የእንግሊዝ መነኩሴ ማቲው ፓሪስ 1258 ላይ እህል ጠፍቶ በለንደን በሺዎች እንደሞቱ ጽፏል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1257 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ በሎምቦክ ደሴት፣ ሳማላስ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። አመዱና ጋዙ ሰማዩን ሸፍኖ የፀሐይን ሙቀት ቀነሰ። የፈነዳው ተራራ የትኛው እንደሆነ የታወቀው በ2013 ነው። ስለዚህ ብዙዎች ጉድጓዶቹን ከዚህ ረሃብ ጋር አያያዟቸው። ጊዜው በትክክል አይገጥምም፣ ጉድጓዶቹ ከፍንዳታው ጥቂት ዓመት ሊቀድሙ ይችላሉ የሚሉ የታሪክ ምሁራንም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚስማማበት ግን አለ፤ ወረርሽኙ ሳይመጣ በፊት ይህች ከተማ ልጆቿን በጅምላ ስትቀብር ነበር።

ጣዑን የገባበት መቃብርም ተቆፍሯል። ኢስት ስሚዝፊልድ ይባላል፤ በሽታው ሲመጣ ለሱ ብቻ የተከፈተ መቃብር ነው፣ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከ600 በላይ አፅም ወጥቶለታል። ጣዑን በጥቂት ቀናት ስለሚገድል አጥንት ላይ አሻራ አይተውም። የታወቀው ከጥርስ ውስጥ ነው፤ በ2011 ተመራማሪዎች ከነዚህ ሙታን ጥርስ የባክቴሪያውን ሙሉ የዘር መረጃ አንብበው አሳተሙ። ለዘመናት ስንከራከርበት የኖርነው ነገር በዚያ ተቋጨ። የበሽታው ስም ለብዙ ሙስሊም ቤተሰብም እንግዳ አይደለም፤ ታላቁ ኢማም ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውን በጣዑን ቀብረው ነው ስለ ጣዑን ያንን ታላቅ ኪታብ የጻፉት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ሁሉንም እኩል ይገድላል? የዘመኑ ሰዎች ንጉሥም ለማኝም አልተለየም ይሉ ነበር። ሻሮን ዴዊት የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ የኢስት ስሚዝፊልድን ሙታን በተለመደ አሟሟት ከሞቱ ሌሎች ሙታን ጋር አነጻጸሩ። ያገኙት፣ በሽታው እየመረጠ መግደሉን ነው። ቀድሞ በረሃብና በሕመም የተጎዱ፣ አጥንታቸው ላይ የቆየ የችግር ምልክት ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ይበልጥ ሞተዋል። በ2014 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ ከወረርሽኙ በኋላ በነበሩት ትውልዶች መቃብር ውስጥ የሽማግሌዎች ቁጥር ከፍ ማለቱን አሳዩ። ሠራተኛ አንሶ ደመወዝ ጨመረ፣ እህልም ለቀሩት በቃ፣ ደካሞቹም ቀድመው ሄደዋል። ይህን የጻፍነው ወረርሽኙ ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ። ቀድሞ የነበረው ኑሮ ምን ያህል ገዳይ እንደነበረ ስለሚያሳይ ነው።

አሁን ግን ቆም በሉ። ከላይ ያልነውን ያነበበ ሰው «አጥንቱ ላይ ምልክት ያለበት በሽተኛ ነበር፣ ምልክት የሌለበት ጤነኛ ነበር» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ተመራማሪዎቹም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አስበዋል። በ1992 ጄምስ ዉድና ባልደረቦቹ አንድ ጽሑፍ አሳተሙ፤ ከዚያ ጊዜ ወዲህ አጥንት የሚያጠና ሰው ሁሉ ያንን ጽሑፍ ሳይመልስ ማለፍ አልቻለም። ነገሩን በራሳችን ምሳሌ እናስረዳው።

በአንድ የቃሂራ ሰፈር ሦስት ልጆች አሉ እንበል። አንዱ የሐር ነጋዴ ልጅ ነው፤ ጠግቦ አደገ፣ በሰባ ዓመቱ ሞተ። ሁለተኛው የተሸካሚ ልጅ ነው፤ በአራት ዓመቱ ክፉኛ ታሞ፣ ወራት ተኝቶ፣ አገገመ፤ በሃምሳ ዓመቱ ሞተ። ሦስተኛዋ የአንዲት ድሃ መበለት ልጅ ናት፤ በአራት ዓመቷ በዚያው በሽታ ተይዛ በሳምንቱ ሞተች። ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ መቃብራቸው ቢከፈት ምን ይታያል? የነጋዴው ልጅ አጥንት ንጹህ ነው። የመበለቷም ልጅ አጥንት ንጹህ ነው፤ በሽታው አጥንቷ ላይ ለመጻፍ ጊዜ አላገኘምና። ጠባሳ ያለው የተሸካሚው ልጅ ብቻ ነው። ያ ጠባሳ ደግሞ ሰውነቱ ታግሎ የማሸነፉ ማስረጃ ነው። ሦስቱን አፅም ብቻ ያየ ሰው በጣም የተጎዳችውን ከነጋዴው ልጅ ጋር አንድ መደብ ላይ ያስቀምጣታል።

ስለዚህ አንድ መቃብር ውስጥ ጠባሳ ያለባቸው አጥንቶች ሲበዙ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ከተማው በጣም ታማሚ ነበር፣ ወይ ደግሞ ሰው ታሞ የሚድንበት፣ አስታማሚና ምግብ የሚገኝበት ከተማ ነበር። የትኛው እንደሆነ አጥንቱ ብቻውን አይናገርም። የሞቱበት ዕድሜ አብሮ መታየት አለበት። ጠባሳው የዳነ ነው ወይስ ሰውየው ሲሞት ገና ትኩስ ነበር? ይህም መለየት አለበት፤ የዳነ አጥንት ጠርዙ ለስልሶ ይገኛል፣ ያልዳነው ሻካራ ነው። በመቃብር ያሉት ደግሞ የሞቱት ናቸው። በአምስት ዓመት የሞቱ ልጆች አጥንት የአምስት ዓመት ልጆችን ሁሉ አይወክልም፤ ሌሎቹ አድገው ሌላ ዕድሜ ላይ ሞተዋልና።

ለኛ ይህ ነጥብ ከሁሉም ይበልጥ ክብደት አለው። በኪታብ ቤት የተማረ ሰው ምስክርን እንዴት እንደሚመዝን ያውቃል፤ ምስክሩ ታማኝ ቢሆንም ያላየውን እንዲናገር አይጠየቅም። አጥንት ታማኝ ምስክር ነው። የሚሳሳተው ያልመሰከረውን የሚያስነብበው ሰው ነው።

የዕድሜ ነገርም እንዲሁ ነው። በለንደን ክራይስት ቸርች ስፒታልፊልድስ ከተባለ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በ1984 እና በ1986 መካከል አንድ ሺህ የሚጠጋ አፅም ወጣ፤ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ናቸው። ከነሱ 387ቱ በሬሳ ሳጥናቸው ላይ ስማቸውና ዕድሜያቸው የተቀረጸበት ሳህን ነበራቸው። ለተመራማሪዎቹ ይህ እንደ ፈተና መልስ ወረቀት ነው። መልሱን ሳያዩ ዕድሜውን ከአጥንቱ ገምተው በኋላ ከሳህኑ ጋር አስተያዩት። ሽማግሌዎቹን በብዙ ዓመት ወጣት አድርገዋቸው ተገኘ። «የጥንት ሰው አርባ ዓመት አይሞላውም ነበር» የሚለው ወሬ ግማሹ ከዚህ ዓይነቱ ስህተት የመጣ ነው። ቀሪው ደግሞ የሕፃናት ሞት አማካዩን ስለሚያወርደው ነው። ሕፃንነትን ያለፈ ሰው ስልሳና ሰባ መድረሱ በጥንትም ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከተደረገ በኋላ ስለ ከተማ የሚቀረው እውነት ምንድን ነው? ከሁሉ የጠራው የልጆች ጉዳይ ነው። ሜሪ ሉዊስ የተባሉ እንግሊዛዊት ተመራማሪ የመካከለኛው ዘመን ዮርክ ከተማን ልጆች፣ የገጠር መንደር ልጆችንና ከላይ ያነሳናቸውን የስፒታልፊልድስ ልጆች አነጻጸሩ። የዮርክ ልጆች ከገጠሮቹ ጋር የነበራቸው ልዩነት የተጠበቀውን ያህል አልነበረም። በጣም ወደ ኋላ የቀሩት የኢንዱስትሪ ዘመን የለንደን ልጆች ናቸው፤ በቁመት አጥረዋል፣ ሪኬትስ በዝቶባቸዋል። ያውም የስፒታልፊልድስ ሰዎች ሳጥንና ሳህን የሚገዙ፣ ኑሯቸው ደህና የሚባል ነበሩ። የድሆቹን ለማየት ከቴምስ ማዶ ወዳለው ክሮስ ቦንስ መሄድ ነው፤ ከዚያ የድሆች መቃብር በ1990ዎቹ የወጡት 148 አፅሞች በአብዛኛው የትንንሽ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ልጆቹን የጎዳው ከተማ መሆኑ ብቻ አልነበረም። ጭሱ፣ የታፈገው ክፍል፣ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ የምትውል እናት፣ ፀሐይ የማይገባበት ጠባብ ግቢ ነው።

ሪኬትስ ሰውነት ከፀሐይ የሚያገኘው ቫይታሚን ዲ ሲያጣ ይመጣል። ይህን ስናነብ የጭጋግ አገር በሽታ ነው ብለን ልናልፍ እንችላለን። ግን በኛም አለ፣ ያውም በአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር። በ1997 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ በአዲስ አበባ የተሠራ ጥናት፣ በሳንባ ምች ሆስፒታል የገቡ ሕፃናት ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ሪኬትስ እንዳለባቸው አሳይቷል። የሪኬትስ ልጅ የጎድን አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ትንፋሹ ይደክማል፣ ምቹ ሲመጣ አይቋቋምም። ምክንያቱ የፀሐይ እጥረት አይደለም፤ «ብርድ ይመታዋል»፣ «ዓይን ይበላዋል» እያልን ሕፃኑን ጠቅልለን ቤት ውስጥ መደበቃችን ነው። በኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ለሚያድግ ልጅ ደግሞ ይብሳል። ልጅ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ የጠዋት ፀሐይ ላይ አውጧቸው፤ ጤና ጣቢያም ጠይቁ።

አንድ ነገር ሳናነሳ ብናልፍ አንባቢ ይወቅሰናል። ይህ ሁሉ ዕውቀት የመጣው መቃብር ተከፍቶ ነው። የሟች አጥንት ክብር እንደ ሕያው ሰው አጥንት ክብር መሆኑን ከሐዲስ ተምረናል። ፉቀሃዎች ያለ አስገዳጅ ምክንያት ቀብር አይከፈትም ይላሉ፤ አስከሬኑ ፍጹም አፈር ከሆነ በኋላ ስላለው ሁኔታ ደግሞ የተለየ ዝርዝር አላቸው። ፈትዋ የዑለሞቻችን ድርሻ ነው፣ እኛ አንገባበትም። ዐብዱል-ለጢፍ ቀብር አልከፈቱም፤ ያዩት ሜዳ ላይ የቀረውን ነው።

ሌሎች እንዴት እንዳደረጉ ግን ማየት ይቻላል። በዮርክ ከተማ ጁቤሪ በተባለ ቦታ በ1982 እና በ1983 የመካከለኛው ዘመን የአይሁዶች መቃብር ለግንባታ ተቆፈረ፤ ከ500 ጥቂት የሚያንስ አፅም ወጣ። የአይሁድ ሃይማኖት አባቶች ሙታናችን ይመለሱ ብለው ጠየቁ። ተመራማሪዎቹ ባገኙት አጭር ጊዜ የቻሉትን መዝግበው አስረከቡ፣ በ1984 ሁሉም በሥርዓታቸው እንደገና ተቀበሩ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ዛሬም ይህን እንደ ኪሳራ ያወሩታል። በኛ እይታ ግን የተገኘው ዕውቀት ተገኝቷል፣ ሙታኑም ወደ አፈራቸው ተመልሰዋል። ከዚህ የተሻለ ስምምነት በሌላ ቦታ ብዙ አላየንም። በሺዎች የሚቆጠሩ የለንደን ሙታን እስከ ዛሬ በካርቶን ሳጥን መደርደሪያ ላይ ናቸው።

ጉዳዩ ወደ እኛም አገር መጥቷል። ከድሬዳዋ ብዙ ሳይርቅ ባለችው ሐርላ ከ2015 ጀምሮ የእንግሊዙ ኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከአገራችን የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆነው ቆፍረዋል። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ወጣ፤ ከሕንድ የመጣ ዶቃ፣ ከቻይና የመጣ ሸክላ፣ ከሚስር የመጣ ሳንቲም ተገኘ። የንግድ ከተማ ነበረች፣ ዐብዱል-ለጢፍ በአል-መቅስ ጉብታ ላይ ቆመው በነበሩበት ዘመን የደመቀች። መቃብሩም ውስጥ ካሉት የተወሰኑት፣ ነዋሪዎቹ ምን ይበሉ እንደነበር ለማወቅ እየተጠኑ መሆኑ በ2017 ተነግሯል።

የአካባቢው ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነበረው። የፍርስራሹ ድንጋዮች በጣም ትልልቅ ናቸውና፣ ሐርላን የሠሯት ግዙፍ ሰዎች ናቸው የሚል ታሪክ ከአያት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። በቁፋሮው የተገኙት ወጣቶችና ጎረምሶች ቁመታቸው ሲለካ እንደኛው እንደ ማንም ሰው ሆነ። ፕሮፌሰሩ ይህን ለገበሬዎቹ ነገሯቸው። አንዳንዶቹም ሰምተው ሲያበቁ፣ የግዙፎቹን አጥንት ገና አላገኛችሁትም ማለት እንጂ አልነበሩም ማለት አይደለም ብለው መለሱላቸው።

ወሏሁ አዕለም።